ግማሽ ሚሊግራም

(አዲስ አበባ፣ በአንድ የምርምር ተቋም ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤ ፕሮቲን አጣሪዋ ምንትዋብ በነጭ ጋውኗ ላይ ጋቢ ደርባ ከመስታወት ቱቦ የሚንጠባጠበውን በየብልቃጡ እየተቀበለች ነው፤ የሴል ተመራማሪው ባልደረባዋ አስናቀ ገብቶ ንትርኩን ጀምሯል።)

አስናቀ፦ ግማሽ ሚሊግራም ነው ያልኩሽ። ግማሽ። ኩላሊትሽን ስጪኝ አላልኩሽም።

ምንትዋብ፦ በሩን ዝጋው። ይሄ ክፍል አራት ዲግሪ የሚደርሰው ስንት አቃስቶ መሰለህ?

አስናቀ፦ ዘጋሁት። ግማሽ ሚሊግራም።

ምንትዋብ፦ መጀመሪያ ደህና አደርሽ ይባላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮሪደር ላይ ስታየኝ ፊትህን ወደ ግድግዳ የምታዞር ሰውዬ፣ ዛሬ ሲቸግርህ በሚሊግራም ጀመርክ።

አስናቀ፦ ደህና አደርሽ።

ምንትዋብ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ፕሮቲን የለም።

አስናቀ፦ ይሄ ጠብ ጠብ የሚለው ምንድን ነው ታዲያ? ጠበል ነው?

ምንትዋብ፦ ይሄ ባለቤት አለው። ሰኔ አንድ ቀን እንደ ልማዳችን ከጓንት ውስጥ ዕጣ አወጣን። የሁሉም ስም ገብቷል፣ ያንተ ብቻ ቀረ። ስብሰባ አልመጣህማ። ለዶክተር ናሁሰናይ ወጣ።

አስናቀ፦ ለናሁሰናይ። ዕጣውም ከውጭ የመጣ ሰው ይወዳል ማለት ነው።

ምንትዋብ፦ ዕጣውን ያወጡት ጽዳቷ ወይዘሮ አበቡ ናቸው። ቅሬታ ካለህ እሳቸው ጋ ሂድ።

አስናቀ፦ ግንቦት ላይም ሦስት ብልቃጥ ሰጥተሽዋል።

ምንትዋብ፦ ግንቦት ላይ ተራው ነበር። መጋቢት ላይ ያንተ ተራ አልነበር? አምስት ብልቃጥ ወስደህ ሁለቱን መሬት ላይ ስትደፋ ማን ምን አለህ?

አስናቀ፦ እሺ፣ ተይው የድሮውን። ዛሬ ሰኔ አሥራ ሦስት ነው። ጆርናሉ እስከ ሰኔ ሠላሳ ነው የሰጠኝ። አንዴ አራዝመውልኛል፣ ሁለተኛ አያራዝሙም። የስድስት ዓመት ሥራዬ ላይ ገምጋሚዎቹ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያመጡት፤ ከሴሉ ውስጥ ያጠፋኸውን ፕሮቲን መልሰህ ብትጨምርለት ክፍፍሉ ይስተካከላል ወይ አሉኝ። ይሄን ለማሳየት ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል። ቁጠሪው እስቲ።

ምንትዋብ፦ ቆጥሬዋለሁ። አንተ ሳታኮርፍ በፊት የቆጠርኩት ነው።

አስናቀ፦ አላኮረፍኩም።

ምንትዋብ፦ ዘጠኝ ጊዜ ደውዬልሃለሁ።

አስናቀ፦ ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

ምንትዋብ፦ ሁለት ሳምንት ሙሉ? ስልክህም አኩርፎ ነበር በለኛ። ያንን መደርደሪያ አቀብለኝ እስቲ። ብልቃጥ የሚቀያይረው ማሽን ከተበላሸ ወር አለፈው፤ በየሦስት ደቂቃው በእጄ ነው። ባንተ ጭቅጭቅ አንዱ ቢያመልጠኝ የሰው ሥራ ነው የሚፈሰው።

አስናቀ፦ እንኪ። ... ጋቢው የማን ነው?

ምንትዋብ፦ ደረስን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ይሄን ለመጠየቅ ነው እንዴ ሁለት ሳምንት የፈጀብህ?

አስናቀ፦ ጠየቅኩ እኮ ነው። ጋቢ መጠየቅ ክልክል ነው?

ምንትዋብ፦ የናሁሰናይ እናት የላኩት ነው። ልጄ በረዶ ቤት ውስጥ ነው አሉ የሚሠራው ብለው ሁለት ጋቢ አስፈትለው ከደብረ ማርቆስ ላኩ። አንዱ ለክፍሉ ተብሎ እዚች ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። ወይዘሮ አበቡም ሲወለውሉ ይለብሱታል። ለሳቸውም ልትቀና ነው?

አስናቀ፦ የምን ቅናት አመጣሽ? ሰባት ዓመት እዚህ ክፍል ውስጥ ስትንቀጠቀጪ ሹራቤን ስሰጥሽ "ሽታው ይረብሸኛል" ብለሽ የመለስሽው ትዝ አለኝ እንጂ።

ምንትዋብ፦ ሹራብህ በሴል ምግብ ርሶ ነበር። ይሸት ነበር አስናቀ። ሽንት ሽንት ይል ነበር።

አስናቀ፦ የዶክተሩ ጋቢ ሽቶ ሽቶ ይላል ማለት ነው።

ምንትዋብ፦ ሳሙና ይላል። ታጥቧል። አሥራ አራተኛው ብልቃጥ ሞላ።

አስናቀ፦ እሳቸው መቼም ሁሉ ነገራቸው ታጥቦ የተሰጣ ነው። ጫማቸው፣ ወሬያቸው፣ "እኛ እዚያ ስንሠራ" የሚሏት ነገር። ስድስት ወር አልሞላውም እዚህ ቤት ከገባ፤ ዳይሬክተሩ እሱን፣ ተማሪው እሱን፣ አንቺ እሱን።

ምንትዋብ፦ እኔ ምን አደረግኩ?

አስናቀ፦ ስትስቂለት አይቻለሁ። እኔ ስቀልድ ብልቃጥ ትቆጥሪያለሽ።

ምንትዋብ፦ ያንተን ቀልድ ሰባት ዓመት ሰማሁታ። አዲስ አምጣና እስቃለሁ።

አስናቀ፦ እንዲህ ነው እንግዲህ። የአባቴን በቆሎ ጠራርጎ የበላ መጤ ተምች በጠርሙስ እያበላሽ ታሳድጊያለሽ፣ ለኔ ግን ፈገግታም በዕጣ ሆነ።

ምንትዋብ፦ ተምቹን አላሳድግም፣ የተምቹን ሴል ነው። የሰው ጂን እሰጠዋለሁ፣ የሰው ፕሮቲን ይሠራልኛል። አንድም ቀን "ለማን ልትሰጪው ነው?" ብሎኝ አያውቅም። ካንዳንድ ሰው ይሻላል።

አስናቀ፦ ስድቡ ገብቶኛል።

ምንትዋብ፦ ይግባህ እንጂ። ለምን እንደምስቅለት ልንገርህ? ስለሚሰማኝ ነው። ዓምና አንተን አንድ ነገር ብዬህ ነበር፤ ታስታውሳለህ?

አስናቀ፦ ብዙ ነገር ብለሽኛል።

ምንትዋብ፦ ያንተ ፕሮቲን ሦስት ተጣምሮ ነው የሚቆመው፣ ሁለቱ ትልልቆቹ ብቻቸውን አይጸኑም፣ ሦስተኛውን ትንሹን አብረን ካላሠራነው እየተበተኑ ይቀራሉ ብዬህ ነበር። ምን አልከኝ? "አንቺ አጣሪ ነሽ፣ ምን እንደሚጣራ እኛ እንነግርሻለን።" ሰው ፊት።

አስናቀ፦ እንደሱ አላልኩም።

ምንትዋብ፦ ብለሃል። እኔ ደግሞ እዚህ ገብቼ በሩን ዘግቼ አልቅሻለሁ፤ የዚህ ክፍል ጥሩነቱ አይን ሲቀላ ብርዱ ነው ይባላል። ናሁሰናይ በመጣ በሁለተኛ ሳምንቱ ያንኑ ነገርኩት። "እስቲ እንሞክረው" አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ሦስቱን ባንድ ሴል ውስጥ አሠራናቸው፣ ጸኑ። ያ አንተ ዛሬ ግማሽ ሚሊግራም የምትለምነው ፕሮቲን እንደዚያ የተሠራ ነው።

አስናቀ፦ ... ይቅርታ።

ምንትዋብ፦ ዓመት ቆይቶ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አስናቀ፦ ቢዘገይም ይቅርታ ይቅርታ ነው። እሺ፣ ትንሹን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ታዲያ ስሙ በሁሉም ሰው አፍ "የናሁሰናይ ፕሮቲን" የሆነው ለምንድን ነው? ይሄ አያናድድሽም?

ምንትዋብ፦ እሱ የትም ቦታ "የምንትዋብ" ነው የሚለው። የናሁሰናይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ወንዶቹ።

አስናቀ፦ ትከላከዪለታለሽ።

ምንትዋብ፦ እውነት መናገር መከላከል ከሆነ አዎ። ስማኝ፣ አንዴ ብቻ ነው የምለው። ከናሁሰናይ ጋር ምንም የለኝም። ከፕሮቲን ሌላ ያወራነው ስለ እናቱ የስኳር በሽታ ብቻ ነው። ዓይኔን አንስቼ አላየሁትም፣ እሱም አላየኝም።

አስናቀ፦ እኔ ምን አገባኝ?

ምንትዋብ፦ እኮ፣ ምን አገባህ? ሰባት ዓመት ሙሉ ምን እንደሚያገባህ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አሥራ ሰባተኛው ብልቃጥ።

አስናቀ፦ ... ሥራው እንዴት ሆነለት ለመሆኑ?

ምንትዋብ፦ የማን?

አስናቀ፦ የሱ። ሰሞኑን ሙከራው ተበላሽቶበት ሊሆን ይችላል ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮቲን መቼም አይታመንም፣ ዛሬ አለ ነገ የለም።

ምንትዋብ፦ ምን ሆኖ ይበላሻል? ባለፈው ሳምንት ጨርሶ ሥዕሎቹን አሳይቶናል። አምሮለታል።

አስናቀ፦ ጨረሰ?

ምንትዋብ፦ ጨረሰ። ምነው ከፋህ?

አስናቀ፦ በየትኛው ፕሮቲን?

ምንትዋብ፦ በሦስቱ ብልቃጥ ነዋ። ጠብታ ሳያስቀር ተጠቅሞ ጨርሷቸዋል። ለዚህ እኮ ነው አሁን ይሄ የሚያስፈልገው፣ ለሚቀጥለው ሙከራ።

አስናቀ፦ ሣጥኑ ውስጥ ግን አራት አለ።

ምንትዋብ፦ የቱ ሣጥን?

አስናቀ፦ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው። ስሙ የተጻፈበት። አራት ብልቃጥ ባለ አረንጓዴ ክዳን።

ምንትዋብ፦ አንተ የሰው ሣጥን መክፈት ጀመርክ? ወይ ጉድህ። ... ብቻ ደርሰህባታል። እኔ እኮ ትንሽ ላስለፋህ ብዬ ነበር፤ ደህና አድርገህ ከለመንክ በኋላ ልነግርህ።

አስናቀ፦ ምኑን?

ምንትዋብ፦ ያንተ ናቸው።

አስናቀ፦ ምኖቹ?

ምንትዋብ፦ አራቱ። ከግንቦቱ ሥራ ላይ ለአጣሪዋ የሚገባው ድርሻ ነው። ለራሴ ሙከራ ይዣቸው ነበር፤ በኋላ የጆርናሉን ደብዳቤ አይተህ ቀኑን ሙሉ ምሳ ሳትበላ ስትዞር ሳይህ፣ ለአስናቀ ይሁን ብዬ አስቀመጥኳቸው። ግማሽ ሚሊግራም ብቻ አይደለም፣ አንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ደስ አይበልህማ።

አስናቀ፦ ታዲያ ... ታዲያ የሱ ሣጥን ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ምንትዋብ፦ የኔ ፍሪዘር ከጄኔሬተሩ ጋር አልተያያዘም፣ ታውቀው የለ? ባለፈው ማክሰኞ መብራት ሲጠፋ ብልቃጦቹን በበረዶ ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው የጋራ ፍሪዘር ሮጥኩ። ያንተን ሣጥን ብከፍተው የዛሬ አምስት ዓመት ያበቃለትን ሁሉ አጭቀህ አንድ ቀዳዳ የለውም። ናሁሰናይ "የኔ ባዶ ነው፣ እዚያ አድርጊው" አለኝ። ለማን እንደሆነም ነግሬዋለሁ። "ለሱ ከሆነ በደንብ ከታች አድርጊው" ነው ያለኝ። ብልቃጥ ላይ እኔ ቀን እንጂ ስም አልጽፍም፤ ስም ሣጥኑ ላይ ነው። የደወልኩልህ ይሄን ልነግርህ ነበር፤ ያውም ዘጠኝ ጊዜ።

አስናቀ፦ ምንትዋብ።

ምንትዋብ፦ እኔ ነኝ። ሂድና ውሰዳቸው፣ ሰዓትህን አታጥፋ። አሥራ ሰባት ቀን አለህ፣ ይበቃሃል።

አስናቀ፦ ከፍሪዘር ቢወጣ ... ስንት ሰዓት ይቆያል?

ምንትዋብ፦ በበረዶ ላይ ከሆነ ግማሽ ቀን። ያለ በረዶ ከሆነ አንድ ሰዓትም አይሞላ። ምነው?

አስናቀ፦ ፀሐይ ላይ ከሆነስ?

ምንትዋብ፦ ፀሐይ ላይ ማን ያሰጣዋል፣ ድርቆሽ ነው እንዴ? ... አስናቀ። ፊትህ ምን ሆነ?

አስናቀ፦ እኔ ነኝ።

ምንትዋብ፦ አንተ ምን?

አስናቀ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው አልነበረም። አንድ ነገር ፍለጋ ፍሪዘሩን ከፈትኩ፤ ሣጥኑን አየሁት፣ ስሙን። አራት ብልቃጥ፣ ባንቺ እጅ የተጻፈ ቀን። ለኔ አንድ የላትም፣ ለሱ ግን አራት አስቀምጣለታለች አልኩ። አውጥቼ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። ሰኔ ቢሆንም ፀሐይ ወጥታ ነበር። ፊት ለፊታቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለአራት ሰዓት ያህል። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትወርድ መልሼ ከተትኳቸው። ... ብልቃጡ ሞልቷል፣ ቀይሪው።

ምንትዋብ፦ አይቼዋለሁ። ሃያ። ... ምን መልክ ነበራቸው? ስትመልሳቸው?

አስናቀ፦ ደፍርሰው ነበር። እንደ አሬራ።

ምንትዋብ፦ እንደ አሬራ። ሞቱ በቃ። ሦስቱም ተበታትነው እርስ በርሳቸው ተጣበቁ ማለት ነው። አይመለሱም።

አስናቀ፦ አውቃለሁ።

ምንትዋብ፦ ሴሉን ከማሳደግ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ነው የፈጀብኝ። ስድስት ሳምንት እኮ ነው አስናቀ። ፋሲካን እንኳ እዚህ ነበርኩ፤ ጠርሙስ ሳወዛውዝ።

አስናቀ፦ ስደቢኝ።

ምንትዋብ፦ ስድቡስ ይቅርብህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሽ። የቀናኸው በፕሮቲኑ ነው ወይስ በኔ?

አስናቀ፦ ባንቺ። ያን ጋቢ ለብሰሽ ያየሁሽ ቀን ነው ማኩረፍ የጀመርኩት። ምሳ አልበላ አለኝ፣ እንቅልፍም የለም። የሱን መኪና ግቢ ውስጥ ሳይ በሌላ በር ነው የምገባው። የጆርናሉ ነገር ከራሴ ወጥቶ ነበር ብልሽ ታምኛለሽ? ቅዳሜ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ ሴል አይደለም። ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው፣ እኔ ሰባት ዓመት ምን ስሠራ ኖርኩ ነው ያልኩት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ እንደዚያ ነው የሆንኩት።

ምንትዋብ፦ ሰባት ዓመት አንድ ቃል ሳይወጣህ፣ ዛሬ ፕሮቲኔን ገድለህ ነገርከኝ።

አስናቀ፦ ፈርቼ ነው የኖርኩት። እንቢ ብትዪኝ በየቀኑ እዚህ ቤት እንዴት እገባለሁ ብዬ።

ምንትዋብ፦ እንቢ የምል ይመስልህ ነበር?

አስናቀ፦ ... አይመስለኝም ነበር። ለዚህ ነው ቀስ ያልኩት።

ምንትዋብ፦ አየህ? ፍርሃት አይደለም እሱ። የኔ ናት፣ የትም አትሄድም ብለህ ነው። እንደ ሣጥንህ ውስጥ ዕቃ። ሃያ አንድ።

አስናቀ፦ አሁን ምን ይሻላል? ስድስት ዓመቴን ነው የማጣው። አዲስ ብትሠሪልኝ ስድስት ሳምንት ነው፤ እኔ የቀረኝ አሥራ ሰባት ቀን።

ምንትዋብ፦ አዲስ አይደርስም።

አስናቀ፦ ታዲያ ይሄ ... ይሄ አሁን የሚንጠባጠበው ...

ምንትዋብ፦ የናሁሰናይ ነው። ነግሬሃለሁ።

አስናቀ፦ ግማሽ ሚሊግራም ብትቀንሺለት አያውቅም።

ምንትዋብ፦ እኔ አውቃለሁ። አስናቀ፣ ከሰው ሣጥን ያጠፋኸው አንሶ ከሰው ብልቃጥ ልታስቀንሰኝ ነው?

አስናቀ፦ እሺ፣ አንቺ ለምኝልኝ። አንቺን እንቢ አይልሽም። መብራት ጠፍቶ ተበላሸ በይው። መብራት መቼም ሁሉን ይችላል።

ምንትዋብ፦ ዋሽቼ አለምንልህም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ናሁሰናይ ቢሮው ነው፣ ቅድም ቡናውን ይዞ ሲገባ አይቼዋለሁ። አንተ ራስህ ሂድ።

አስናቀ፦ ምን ብዬ?

ምንትዋብ፦ እንዳለ። ሣጥንህን ከፍቼ ያንተ መስሎኝ የራሴን ገደልኩ በለው። በቅናት ነው በለው። አሁን ደግሞ ካንተ ልለምን መጣሁ በለው።

አስናቀ፦ ይሄን ከማለት ወረቀቱ ቢቀር ይሻለኛል።

ምንትዋብ፦ ይቅራ። ስድስት ዓመት ነው፣ ያንተ ነው። እኔ እዚህ ሠላሳ ብልቃጥ እስኪሞላ ነኝ፤ እሱ ከሞላ በኋላ በረዶ ውስጥ ይገባል፣ ማንንም አይጠብቅም።

አስናቀ፦ ሰምቶ ቢያባርረኝስ? ለዳይሬክተሩ ቢነግርስ?

ምንትዋብ፦ ያባርርሃላ። ሰው ነው። እኔም ብሆን አባርርህ ነበር።

አስናቀ፦ ቢሰጠኝስ?

ምንትዋብ፦ ቢሰጥህ ሥራህ ይድናል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን አስናቀ፣ ይሄን ሁሉ ከአፍህ ሰምቶ ከሰጠህ፣ እስካሁን በባዶ ሜዳ ነበር የቀናኸው፤ ከዛሬ ጀምሮ የምትቀናበት ይኖርሃል።